‹ላውረንስ ኦፍ አረቢያ›ን በትልቁ ስክሪን ለማየት ስትነሱ

በካሴት፣ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ አይታችሁ የወደዳችሁት የድሮ ፊልም ካለ፣ ገና ሙሉውን አላያችሁትም። ይህን የምለው ለማካበድ አይደለም። ሒሳቡ ነው የሚለው። ‹ላውረንስ ኦፍ አረቢያ›ን እንውሰድ። ዴቪድ ሊን እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ይህ ፊልም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ የምስሉ ቁመት 1 ቢሆን ወርዱ 2.20 ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ግን ቁመቱ 1 ቢሆን ወርዱ 1.33 ብቻ ነው። ስለዚህ ካሴቱ ሲዘጋጅ ግራና ቀኙ ተቆረጠና መሀሉ ቀረልን። ከምስሉ 40 በመቶ ያህሉ የለም ማለት ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የወደድኩት የተረፈውን 60 በመቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንዱ በአፍንጫው ብቻ ብቅ ይላል። ግመሎቹ ሲደረደሩ የመጨረሻዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች ኤኤፍአይ ሲልቨር የሚባለውን ሲኒማ ቤት በደጁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ። ኮልስቪል ሮድ ላይ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ማዕዘን አጠገብ ነው። ጆን ኤበርሰን የሚባል አርክቴክት የነደፈው ቤት ሲሆን በ1938 ተከፈተ፤ በ1984 ተዘጋ፤ ታድሶ በ2003 እንደገና በሩን ከፈተ። ሦስት አዳራሽ አለው። ትልቁ 400 ሰው ይይዛል። 70 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር የሰፋ ጥቅል ፊልም የሚያሳይ ማሽንም አለው። እንጀራ ልንገዛ፣ ፀጉር ልንሠራ፣ ገንዘብ ልንልክ በደጁ እንመላለሳለን። ገብቶ ያየ ግን ከማውቃቸው ሰዎች ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ለነሱ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም የቤቱን ስም ቀይራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

የት ይገኛል?

የድሮ ፊልም የሚያሳዩ ቤቶች ፕሮግራማቸውን ቀደም ብለው ያወጣሉ። ኢሜይላችሁን ስጧቸው፣ ይልኩላችኋል። 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚታይበት ቀን ጥቂት ነው፤ ‹በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ› ብላችሁ ካሳደራችሁት ያመልጣችኋል። ፊልሙ ክብ ዓመት የሚሞላበትን ጊዜም አስቡ። ላውረንስ በ2027 65 ዓመት ይሞላዋል። እንዲህ ባለ ዓመት የድሮ ፊልሞች ወደ ስክሪን መመለሳቸው የተለመደ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ተራ ሲኒማ ቤቶችም ፋቶም በሚባለው ድርጅት በኩል አልፎ አልፎ የድሮ ፊልም ያሳያሉ። እነዚያ በዲጂታል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ነፃ አለ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የድሮ ፊልም ያለ ክፍያ ያሳያል። ቨርጂኒያ፣ ከልፔፐር ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፊልም ማከማቻም ውብ የሆነ ትንሽ ቲያትር አለው፤ እሱም ነፃ ነው። መኪና ግን ያስፈልጋል።

ለንደን ያላችሁ ፕሪንስ ቻርልስ ሲኒማንና ቢኤፍአይ ሳውዝባንክን ተከታተሉ። እስራኤል ያላችሁ የኢየሩሳሌምና የቴል አቪቭ ሲኒማቴኮች አሏችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝንና የጎተ ኢንስቲትዩትን ፕሮግራም እዩ። ጣሊያን ያለ ሰው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ቦሎኛ ይሂድ። የድሮ ፊልም ብቻ የሚታይበት ፌስቲቫል አለ፤ ማታ ማታ አደባባይ ላይ በነፃ ያሳያሉ። የሕንድ ፊልም ወዳጆች ይህን ስሙ፦ በ2025 ‹ሾሌይ› ታድሶ፣ ሳንሱር የቀየረው መጨረሻው ተመልሶለት፣ በዚያ አደባባይ ታይቷል።

በምን ይታያል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው

ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ‹በምንድነው የምታሳዩት?› ፕሮግራሙ ላይ ከፊልሙ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ካልተጻፈ ኢሜይል አድርጉ። በዚህ ጥያቄ የሚደሰቱ እንጂ የሚቆጡ ሠራተኞች አላጋጠሙኝም።

‹70 ኤምኤም› የሚል ካያችሁ የሥራ ፈረቃ ቀይራችሁም ቢሆን ሂዱ። ላውረንስ የተቀረፀው በ65 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ነው። ለማሳያ ሲታተም 70 ይሆናል፤ ትርፉ 5 ሚሊ ሜትር ለድምፅ መስመር የታሰበ ነበር። የአንዱ ምስል ስፋት ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ከ3 እጥፍ በላይ ነው። ፊልሙ አልቆ መብራት እስኪበራ ድረስ በማሽኑ ውስጥ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ጥቅል ያልፋል። ያን ሁሉ የሚያሳልፍ ሰው ከኋላችሁ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ቆሟል። ብዙ ጊዜ ሁለት ማሽን አለው። አንዱ ጥቅል ሲያልቅ በሌላው ይቀጥላል።

ግን ‹70› የሚለው ቁጥር ብቻውን አያታልላችሁ። አንዳንዱ ፊልም በ35 ተቀርፆ በኋላ ወደ 70 የተነፋ ነው። ‹ሾሌይ› ራሱ እንደዚያ ነው። ማየት አይገባም አላልኩም፤ ደስ ይላል። ጥራቱ ግን መጀመሪያውኑ በ65 ከተቀረፀው ጋር አይስተካከልም። ላውረንስ፣ ‹ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ› እና ‹2001› በ65 ከተቀረፁት ውስጥ ናቸው። ለገና ሰሞን ‹ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ› በ70 ካገኛችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ።

‹4ኬ ዲሲፒ› ወይም ‹4ኬ ሪስቶሬሽን› የሚል ከሆነ ዲጂታል ነው፤ ‹4ኬ› የምስሉን ጥራት የሚናገር ቁጥር ነው። እሱንም አትናቁት። ላውረንስ ለ50ኛ ዓመቱ፣ በ2012፣ ከዋናው ኔጋቲቭ በ8ኬ ተነብቦ በ4ኬ ታድሷል። ጭረት የለበትም። ቀለሙ አይዋዥቅም። የፊልም አክራሪዎች ‹ዲጂታል ሞቶ ነው› ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እኔ አልስማማም። የተጎሳቆለ የ35 ኮፒና ጥሩ 4ኬ ቢቀርቡልኝ 4ኬውን ነው የማየው። ከ1950ዎቹ እስከ 70ዎቹ የታተሙ ብዙ የቀለም ኮፒዎች ከጊዜ ብዛት ሰማያዊና አረንጓዴያቸው ጠፍቶ ወደ ሮዝ ያደላሉ። ሮዝ በረሃ ለማየት ቲኬት አይቆረጥም። ‹35 ኤምኤም› የሚል ካያችሁ ‹ኮፒው ቀለሙ እንዴት ነው?› በሉ።

ከሁሉም የሚያናድደው የተደበቀው ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ አዳራሽ ውስጥ ‹ክላሲክ በትልቁ ስክሪን› ብለው ጠሩን። መብራቱ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የዲስክ ሜኑ ወጣ። ‹አጫውት›፣ ‹ምዕራፍ ምረጥ›። ያንን ዲስክ እኔ ቤት አለኝ! ‹በምን ታሳያላችሁ?› የምትለዋ ጥያቄ ከዚህ ታድናችኋለች።

ርዝመቱንም እዩ። ላውረንስ ከወጣ በኋላ በተለያየ ጊዜ ተቆራርጧል፤ 187 ደቂቃ ብቻ የሆነበት ዘመን ነበር። በ1989 ሮበርት ሃሪስ የወደቀውን ሰብስቦ መለሰው። የተገኙ አንዳንድ ቁርጥራጮች ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፒተር ኦቱል ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ የገዛ ወጣትነቱን ድምፅ እንደገና ቀዳ። ፕሮግራሙ ላይ የሙዚቃው መግቢያና እረፍቱ ሳይቆጠር 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ከተጻፈ ትክክለኛው ነው። 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ የሚል ካያችሁ ግን ላሽ በሉ።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

እኔ የሌሊት ሥራ ነው የምሠራው። ከአዳር ወጥቶ በቀጥታ ወደዚህ ፊልም መግባት አይሆንም። ጨለማ፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ ለስላሳ ወንበር፣ አራት ሰዓት የሚጠጋ በረሃ። ማንም ይተኛል። ከፊልሙ በፊት ያለውን ሌሊት ዕረፍት ውሰዱ። ካልተቻለ የሥራ ባልደረባ ለምኑና ተቀያየሩ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለው ፕሮግራም ከማታው ይሻላል። ስትወጡ ገና ራት አልደረሰም፤ ስለ ፊልሙ የምታወሩበት ጊዜም አላችሁ።

ትልልቅ ሰዎች የምትጋብዙ ከሆነ የሰዓቱን ነገር አጥብቁ። ‹2 ሰዓት ነው› ካላችኋቸው የሐበሻ ነው የፈረንጅ? የፈረንጅ 2 ሰዓት በኛ 8 ሰዓት ነው። ሁለቱንም ጽፋችሁ ላኩ። ከዚያም ትክክለኛውን ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቀደም ያለውን ንገሯቸው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህ ፊልም ‹ማስታወቂያው እስኪያልቅ እንደርሳለን› የሚባልለት አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

ነጠላ ወይም ጋቢ ያዙ። በሐምሌም ቢሆን። የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ማቀዝቀዣ ምሕረት የለውም።

የት እንቀመጥ?

ወንበር የሚመረጥበት ቤት ከሆነ ቀድማችሁ ግዙ። ካልሆነ ቀድማችሁ ድረሱ። መሀል፣ ሁልጊዜ መሀል። ከጎን ከሆናችሁ የስክሪኑ አንዱ ጫፍ ይርቅና ቅርፁ ይዛባል። ስለ ርቀቱ ደግሞ ብዙ ቤቶች ድምፃቸውን የሚያስተካክሉት ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለሌላ ፊልም እዚያ ተቀመጡ። ለላውረንስ ግን እኔ ድምፁን ትንሽ እሠዋና ወደፊት እጠጋለሁ። መለኪያዬ ቀላል ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ለማየት ዓይን ብቻ ማንቀሳቀስ ከበቃ ልክ ነው። አንገት ማዞር ካስፈለገ አንድ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወይም መጸዳጃ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች መተላለፊያው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። ምስሉ ትንሽ ይጎድልባቸዋል፤ ክብራቸው ግን አይጎድልም።

መብራቱ ሲጠፋ

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የሞሪስ ዣር ሙዚቃ ብቻ አራት ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ሆን ተብሎ ነው። አጎቴን ይዤ የሄድኩ ቀን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ መብራት ጠፋባቸው እንዴ?»

«ጋሼ፣ መግቢያው ነው። ሙዚቃውን ይስሙ።»

«እዚህም አገር ይጠፋል ማለት ነው» አሉና ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ሰው እየተነሳ ‹ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል› ብሎ ሊናገር የሚሄድበትም ጊዜ አለ። እናንተ ቁጭ በሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚያጣው ይህን ነው። በጨለማው ውስጥ ጆሮ ይነቃል፤ ስልክ ወደ ኪስ ይገባል።

ካርታ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው የእንግሊዝ መኮንን ላውረንስ ወደ በረሃ ሊላክ ሲል ክብሪት ይለኩሳል። ክብሪቱን እፍ ሲለው ዓይናችሁን አትንቀሉ። በአንድ ቁርጥ ወደ በረሃው ንጋት ትገባላችሁ። አርታኢዋ አን ኮትስ ናት፤ ፊልሙ ካገኛቸው 7 ኦስካሮች አንዱ የእሷ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ይህ ቁርጥ ብልህ ነው ትላላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ግን ጨለማ የነበረው ክፍል በብርሃን ይሞላና የጎረቤታችሁ ፊት ይታያችኋል።

ከዚያ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ትዕይንት። ኦማር ሻሪፍ የሚገባበት። የፎቶግራፍ ባለሙያው ፍሬዲ ያንግ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ረጅም ሌንስ ተጠቅሟል። ከአድማሱ ላይ፣ ሙቀቱ በሚያርገበግበው አየር ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ካሴት ላይ ነጥቧ የለችም፤ ድንገት ግመል የተቀመጠ ሰው ይመጣል። በ70 ሚሊ ሜትር ግን ነጥቧን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ታገኟታላችሁ። ታገኙና ትጠብቃላችሁ። ጥበቃው ይረዝማል። ሙዚቃ የለም። ሰው ነው? ተኩስ ነው? ወዳጅ ነው? አጎቴ እዚህ ጋ ‹መጣ፣ መጣ› አሉ፤ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ‹ሽ› አለቻቸው። ሲኒማ ራስ ቢሆን አዳራሹ በሙሉ ነበር ‹መጣ› የሚለው። እዚህ አገር በልባችሁ በሉ።

የሚያስቸግሩ የሚመስሉ ግን ብልሽት ያልሆኑ ነገሮች አሉ። በፊልም ጥቅል ሲታይ ምስሉ ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ጭረት ይበዛል። ከላይ በቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ትደገማለች። ማሽን ለሚቀያይረው ሰው የተተወች ምልክት ናት።

ብልሽት የሆኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ፊቱ ከደበዘዘ፣ የሰው አናት ከላይ ከተቆረጠ፣ ንግግሩ ከሙዚቃው ሥር ከጠፋ። በተለይ የ1930ዎቹና 40ዎቹ ፊልሞች ቅርፃቸው ጠባብ ስለሆነ በተሳሳተ ሌንስ ሲታዩ አናት ይቆረጣል። ይሉኝታ ይዟችሁ አትቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተነሡና አስተናጋጁን ንገሩት። መቶ ሰው ‹ሌላው ይናገራል› ብሎ እየጠበቀ ነው።

እረፍቱ

እረፍት የሚመጣው ከ2 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። በረሃው ያስጠማል፤ ቢሆንም ውሃችሁን በመጠን ጠጡ። መብራቱ እንደበራ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት፣ ቀጥሎ ፈንድሻ። ቅደም ተከተሉን ካፋለሳችሁ በሰልፉ ታልቃላችሁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፈንድሻው ላይ የሚያፈሱት ቅቤ ይሁን ዘይት ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ዘይት ነው፣ ግን ጠይቁ። ከቤት ጥብስ ቋጥሮ መግባት ይቅር። ሽታው ብቻ ከነሙሉ ረድፋችሁ ያስወጣችኋል።

ሁለተኛው ክፍልም በጨለማ ሙዚቃ ነው የሚጀምረው። ሙዚቃውን ከሰማችሁ ሩጡ። ‹ይበቃኛል› ብላችሁ በእረፍት አትውጡ። የመጀመሪያው ክፍል ላውረንስን ጀግና ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ያንን ያፈርሰዋል። በግማሹ የወጣ ሰው ሌላ ፊልም አይቶ ነው ቤቱ የገባው።

የምትወዱት ፊልም ትልቅ በረሃ ከሌለው

‹የኔ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?› የሚል አለ። የኃይሌ ገሪማን ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት› አስቡ። በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረፀ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ምስሉ ከላውረንስ ጋር አይወዳደርም፣ ሻካራ ነው። ግን ገበሬዎቹ መሬቱን ሲያርሱ ካሜራው ቆሞ ያያል። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። አዳራሽ ውስጥ የምትሄዱበት የለም፤ እያያችሁ ትቆያላችሁ። እና የራሳችሁን ቋንቋ ያለ ሰብታይትል እየሰማችሁ፣ ፈረንጁ ከማንበቡ በፊት መሳቅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ አልነግራችሁም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ከወረዳችሁ፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የኃይሌ ገሪማ የሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት አለ። የሚያዘጋጁትን ፕሮግራም ጠይቁ።

ማንም የማያሳየው ከሆነ

የፕሮግራም አዘጋጁን በጽሑፍ ጠይቁ። ‹የድሮ ፊልም አሳዩልን› አትበሉ። የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ በምን ዓይነት ኮፒ ማየት እንደምትፈልጉ፣ ስንት ሰው ይዛችሁ እንደምትመጡ ጻፉ። ‹እኔና የማኅበሬ 40 ሰዎች› የሚል ደብዳቤ ይነበባል።

ሁለተኛው መንገድ አዳራሽ መከራየት ነው። ብዙ ቤቶች ትንሹን አዳራሽ ያከራያሉ፤ በተለይ በሥራ ቀን ጠዋት ርካሽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጪ አለ። ቤታችሁ ያለው ዲስክ ለሕዝብ ለማሳየት መብት አይሰጥም። ከፊልሙ ባለቤት ወይም ከወኪሉ የማሳያ ፈቃድ መገዛት አለበት። አዳራሹ ራሱ ሊጨርስላችሁ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ዋጋውንም ከኪራዩ ጋር አንድ ላይ አስጽፉ። ከዚያ ለሰዉ አካፍሉት። ገንዘቡን ቀድማችሁ ሰብስቡ። ‹በር ላይ እከፍላለሁ› ያለ ሁሉ አይመጣም።